የጣውንቷ ቀሚስ

ቆራጯ የጣውንቷን ቀሚስ በሦስት ጣት አጥብባ ቆረጠችው።

ሰክራ አልነበረም። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። ሰክራ ቢሆን "መጠጡ ነው" ተብሎ ይታለፍ ነበር። ከቀመሰች ሰባት ወር ሆኗታል። እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኗ ጠርቷል፣ ሰዓቱም ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። አይታ፣ ለክታ፣ አውቃ ነው ያጠበበችው።

በእውነቱ ጣውንቷ እንኳ አይደለችም። ከሰውየው ጋር ከተፋቱ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በሕግ ማንም በማንም ላይ አልመጣም። የሆድ ሕግ ግን ሌላ ነው። በሆዷ ሕግ ያቺ ሴት ጣውንቷ ነበረች።

ልብስ ስፌት ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር ሁለት ስፌት መኪና፣ መሀል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ መጋረጃ የተጋረደበት ልብስ መቀየሪያ፣ ከፊቱ ትልቅ መስታወት። ቤቱ የታናሽ እህቷ ነው። እህቷ ትሰፋለች፣ እሷ ትቆርጣለች። በፊት ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምትቆርጠው። አንድ ጠዋት አርባ ንጣፍ ጨርቅ አነባብራ ሁሉንም ግራ እጅጌ አድርጋ ቆረጠችው። አርባ ኮት፣ አንዱም ቀኝ እጅ የለውም። አለቃዋ ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ፣ ጠጋ ብሎ ትንፋሿን ሸተተ፣ ከዚያ በሩን አሳያት። መጠጥ የተወችው ያን ቀን ነው። ቀለም ቀቢው ባሏ ትቷት ከሄደ አራት ወር ሆኖት ነበር።

እህቷ አስገባቻት። ነገሯን በአንድ ቃል ጨረሰች።

"እትዬ፣ አንዲት ጉንጭ ከጠጣሽ ከጠረጴዛው ትወርጃለሽ። እኔ እህትሽ ነኝ፣ መቀስ ግን እህት የለውም።"

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጉንጯን ግራና ቀኝ እያገላበጠች ትስማታለች። ሰው ሲያየው ፍቅር ነው። ቆራጯ ግን የእህቷ አፍንጫ ጆሮዋ ሥር ሲሠራ ትሰማዋለች።

"እና? ምን ሸተተሽ?"

"ሽንኩርት።"

"ሽንኩርት ከጠረጴዛ ያስወርዳል?"

"እስካሁን አላስወረደም።"

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። እንደሷ የተዉ፣ ሊተዉ የሚሞክሩ፣ ሚስት ጎትታ ያመጣቻቸው ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የምታወያያቸው ነርስ ገና ልጅ ናት፤ በዕድሜዋ ከሻይ ሌላ የቀመሰች አትመስልም።

"መጠጥ እጃችሁን አይጎትትም" ትላቸዋለች። "እጃችሁ ከመዘርጋቱ በፊት ለራሳችሁ የምትሉት ነገር አለ። አጭር ነው። ስለለመዳችሁት አትሰሙትም። እሱን ያዙትና ጻፉት።"

ቆራጯ መጀመሪያ ሳቀች። ጠማኝ ማለት ጠማኝ ነው፤ ሌላ ምን አለው? ኋላ ለእልህ ብላ ሞከረችው። ወረቀት አጠገቧ ስለማይኖር የጨርቁ ውስጠኛ ፊት ላይ በጠመኔ ትጽፋለች፣ ከዚያ በመዳፏ ታራግፈዋለች። "ዛሬ ብዙ ሠርቻለሁ።" ጠፋ። "ማንም አያይም።" ጠፋ። "ያለሱ እጄ አይታዘዘኝም።" ይሄኛው አልለቅ ብሎ እርጥብ ጨርቅ አስፈለገው። ነርሷ ልክ ነበረች። ቆራጯ ሰው ልክ ሲሆንባት አትወድም፤ ቢሆንም መጻፏን ቀጠለች።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ያቺ ሴት መጣች፤ ትምህርት ቤት የምታስተምር ናት።

ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

"ደህና አደራችሁ። የቀለም ቀቢው ባለቤት ነኝ" አለች፤ ዓይኗን ቀጥታ ቆራጯ ላይ ጥላ። "እርስዎ ሳያውቁኝ አይቀሩም።"

እህቷ መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር፤ ጣቷን ወጋችው። ቆራጯን ግን የወጋት "ባለቤት" የሚለው አልነበረም። "እርስዎ" የሚለው ነው። በአንድ ቃል አሥር ዓመት ተጨመረባት። ሴትየዋ ብታንሳት አራት ዓመት ነው፤ እሱም ከበዛ።

"አንቺን አላውቅሽም። ወሬሽን ነው የማውቀው" አለች ቆራጯ። "ምን ላድርግልሽ?"

"ቀሚስ። እንደ እርስዎ የሚቆርጥ የለም ሲባል ሰማሁ።"

ከቦርሳዋ አረንጓዴ ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጨርቅስ ጨርቅ ነው። ሲዘረጉት ይፈሳል፣ ጨብጠው ሲለቁት አይጨማደድም።

"እሱ ነው የመረጠልኝ" አለች አስተማሪዋ።

ቆራጯ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ ሰው ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ መርጦ ያመጣላት ነገር ቢኖር የጠርሙስ ዓይነት ነው። እሱ ይከፍታል፣ እሷ ትቀዳለች፤ ትዳራቸው ያ ነበር። እና አሁን ጨርቅ ይመርጣል። አረንጓዴ።

"እሱስ ደህና ነው?" አለች።

"እግዜር ይመስገን። አሁን ተረጋግቷል።"

ተረጋግቷል። ይህንኑ ቧንቧ የሚሉት ሰውም ነግሯት ነበር። ቧንቧ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ከቀድሞ ባሏ ጋር ሕንፃ ላይ አብሮ ይሠራል፤ የሰው ቤት ፍሳሽ ይደፍናል፣ የራሱ አፍ ግን ሲያንጠባጥብ ይውላል። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ይዟት፣ "ስሚ እንጂ፣ ያ ሰውዬሽ መጠጥ ቤት ደጃፍ ድርሽ አይልም አሉ። ከሥራ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ። ምን ብታቀምሰው ነው እያለ ሰው ሁሉ ጉድ ይላል" ብሏት ነበር። ነግሯት ሲያበቃ ፊቷን ለማየት ትንሽ ቆመ። ቧንቧ እንዲህ ነው፤ አንጠባጥቦ ወለሉ መርጠቡን ሳያይ አይሄድም።

ሜትሩን አንስታ ለካቻት። ደረት። ወገብ። ዳሌ። ወገቧ እንደሚወራው ሸንቃጣ አይደለም፤ ይሄ ደስ ይላል። ክንዷ ግን ለስላሳ ነው። አንገቷ ረዘም ያለ ነው። የማይሰነፍጥ ሽቶ ተቀብታለች። ቆራጯ ሁሉንም እንደ ልክ አንድ በአንድ መዘገበች። አስተማሪዋ ስትለካ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ መስታወቱን ብቻ ታያለች። ራሷን እያየች ነው አለች ቆራጯ በልቧ። ቆንጆ ነኝ እያለች ነው። እሱን መጠጥ ያስተወው የቱ ውበቴ ይሆን እያለች፣ እየመረጠች ነው።

"ትንሽ ላላ ይበልልኝ" አለች አስተማሪዋ።

እህቷ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ማየት አላስቻላትም። "ዚፕ ልግዛ" ብላ ወጣች። አስተማሪዋም ትንሽ ቆይታ፣ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዛ ሄደች። ቆራጯ ከአረንጓዴው ጨርቅ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ልብስ ሲቆረጥ በሰውነቱ ልክ አይቆረጥም፤ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ይተዋል። ይህን ዛሬ መቀስ የያዘም ያውቀዋል። ቆራጯ ጨርቁን ገልብጣ የሰውነቱን መስመር በጠመኔ አሰመረች። ትርፉን ልታሰምር ስትል እጇ ቆመ። ሐሳቧን ሰማችው። ጻፈችው።

"ለእኔ ያልተወውን ለሷ ተወ።"

አላራገፈችውም። ሥሩ ሌላ ጻፈች።

"እንግዲያው ጥፋቱ የመጠጡ አልነበረም። የእኔ ነበር።"

ሌላም መጣ።

"የእኔ ከሆነ ደግሞ፣ ለማን ብዬ ነው የምቆጠበው?"

ይሄኔ ጠማት። ምላሷ ደረቀ፣ ጉሮሮዋ ተከፈተ፣ የመጀመሪያው ጉንጭ ደረቷ ላይ ሲወርድ ተሰማት። ከደቂቃ በፊት ምንም አልነበራትም። ቤቱ ውስጥ ጠርሙስ የለም፣ ሽታ የለም፣ የጠራት ሰው የለም። ሦስት መስመር ጠመኔ ነው ምራቋን ያደረቀው። ነርሷ ያለችው ይኸው፣ ዓይኗ እያየ። ማወቅ ግን ጥም አይቆርጥም።

መጠጥ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከጠረጴዛው ሆና የዶቃ መጋረጃው ሲወዛወዝ ይታያታል። ወደዚያ ሠላሳ እርምጃ ነው። ጨርቁን አየች። በሩን አየች። አንዳቸውን ማድረጓ አይቀርም ነበር።

መቀሱን አነሳች። በሰውነቱ መስመር፣ ያለ ምንም ትርፍ፣ እስኪያልቅ ድረስ ቆረጠችው። ጨርቁ መቀሱ ሥር ሲከፈል ድምፁ ያምራል። ልቧ ቀዝቀዝ አለ፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ብርጭቆ። ሁለተኛው ብርጭቆ ምን እንደሚል የምታውቅ ሴት ናት፤ ቢሆንም ደስ አላት። ከዚያ ጠመኔውን በመዳፏ አራገፈችው።

እህቷ ተመልሳ ቁራጩን አነሳች።

"ትርፉ የታል?"

"ጠበቅ ያለ ነው የምወደው አለች።"

"ላላ ይበልልኝ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ።"

"ሐሳቧን ቀየረች።"

"መቼ?"

"አንቺ ዚፕ ስትገዢ። መርማሪ ነሽ እንዴ? ስፊ።"

እህቷ መጥታ ጉንጯን ሳመቻት። ግራ። ቀኝ። እንደገና ግራ። ምንም አልሸተታትም። ምንም ስላልሸተታት አመነቻት። ቅናት አይሸትም።

ማክሰኞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሁለተኛው ብርጭቆ እንደተፈራው ደረሰ፤ "አንዴ ከተበላሸሽ ምን ቀረሽ" ይላል። የሰው ጨርቅ አበላሽታለች። ሰባት ወር ንጹሕ ነኝ ስትል የኖረች ሴት፣ ሳትጠጣ የሰካራም ሥራ ሠራች። "እንግዲህ ሥራውን ከሠራሽ ደሞዙን ውሰጂ።" ይህንንም ጻፈች። የልጅ ሱሪ ገበር ላይ ጽፋ፣ አራግፋ፣ መልሳ ጻፈች። ምሳ አልበላችም። መጠጥ ቤቱ ወዳለበት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ዋለች፤ ወገቧን አመማት።

ረቡዕ ጤና ጣቢያ ሄደች። የጭነት መኪና የሚነዳ ሽበታም ሰውዬ ተራው ደርሶት ነበር።

"የኔዋ ሐሳብ ቀላል ናት" አለ ሹፌሩ። "ዝናብ ሲዘንብ፣ 'ብርድ ነው፣ አንድ ልበል።' ሲያባራ ደግሞ፣ 'እሰይ አባራ፣ አንድ ልበል።' ይኸው ነው። አየሩን ካልቀየራችሁልኝ እኔ ምን ላድርግ?"

ሁሉም ሳቁ። ነርሷም ሳቀች። ከዚያ ወደ ቆራጯ ዞረች።

"አንቺስ? በዚህ ሳምንት ምን ያዝሽ?"

"ምንም" አለች ቆራጯ።

ሐሙስ ጠዋት አስተማሪዋ በቀጠሮዋ ሰዓት መጣች። ቀሚሱን ይዛ መጋረጃው ጀርባ ገባች። ቆየች። በጣም ቆየች። ቆራጯ ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ መልሷን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ሴትየዋ ትወጣለች፣ ትጮሃለች፣ "ድሮም ሰካራም" ትላለች። ያኔ እሷ ደግሞ የምትለው አላት። ሦስት ቀን ሙሉ ስትስለው ከርማለች።

"እንዴት ነው?" አለች እህቷ ከመኪናው ላይ።

"አልዘጋ አለኝ" አለ ድምፅ።

ወጣች። ዚፑ ወገቧ ላይ ደርሶ ቆሟል፤ ከዚያ በላይ ጀርባዋ እንደተከፈተ በር ነው። መስታወቱ ፊት ቆማ ራሷን አየች። አልጮኸችም።

"ወፍሬያለሁ" አለች። "ከሰኞ ወዲህ እንኳ ወፍሬያለሁ። እሱ ይጠጣል፣ እኔ እበላለሁ። ቁጭ ብዬ እሱ እስኪጨርስ እየጠበቅኩ እበላለሁ።"

የስፌት መኪናው ዝም አለ።

"ማነው የሚጠጣው?" አለች ቆራጯ።

"ማን ይሆናል?"

"ተወ አይደል እንዴ?"

አስተማሪዋ ከመስታወቱ ዞር አለች። "ማን አለሽ?" አለች። "እርስዎ" እዚያው ወደቀ።

"ሰው ነዋ። መጠጥ ቤት አይገባም አሉ።"

"አይገባማ። ቤት ያመጣዋል። ባዶ የቀለም ባልዲ አለው፣ እዚያ ውስጥ ብሩሽ ከላይ ይደረድርበትና ይሸፍነዋል። የማላውቅ ይመስለዋል። ከተጋባን ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ግድግዳ አልተቀባም፤ ባልዲው ግን በየቀኑ ይገባል፣ ይወጣል።"

እህቷ ልትስቅ ነበር፤ አፏን በእጇ ያዘች።

"ተረጋግቷል አላልሽኝም?" አለች ቆራጯ።

"ምን ልበልሽ? ላንቺ? ሰክሮ ወለል ላይ ይተኛል ልበልሽ?" አስተማሪዋ የቀሚሱን ፊት በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ እንዳይወርድ። "ሲጠጣ ደግሞ ስላንቺ ነው የሚያወራው።"

"ምን ይላል?"

"'እኔ እያለሁ አልተወችም' ይላል። 'እኔ ስሄድ ተወች። እንግዲያው ጥፋቱ የመጠጡ አልነበረም፣ የእኔ ነበር። የእኔ ከሆነ ደግሞ ለማን ብዬ ነው የምተወው' ይልና ይቀዳል። በየቀኑ። እኔ እኮ እዚያው ነኝ። 'ለማን ብዬ' ሲል ከፊቱ ተቀምጫለሁ።" ትንፋሽ ወሰደች። "ላይሽ ነው የመጣሁት። ቀሚስ መቼ ቸገረኝ። ስትለኪኝ በመስታወቱ አንቺን ነበር የማየው። ምን አላት? እያልኩ።"

 ያ ሰው የራሷን ቃል ይዞባታል። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠርሙስ ሲካፈሉ ኖሩ፣ ተለያይተውም አንድ ሐሳብ ይካፈላሉ። ደግሞም ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በአርባ እጅጌ እንጂ በእሱ መሄድ አልተወችም። ሰውየው ጭራሽ ባልነበረ ነገር ላይ ይጠጣል። እሷም ባልነበረ ነገር ላይ፣ "ለሷ ተወ" ብላ፣ ሰኞ ለጥቂት ቀረች።

ይህን ሁሉ ልታስብ ይገባ ነበር። አሰበችውም፣ ትንሽ። ከሁሉ በፊት ግን ደስ አላት። እግዜር ይቅር ይበላት፣ በጣም ደስ አላት። አልተወም። ለዚህችም አልተወም። አንገቷም፣ ሽቶዋም፣ ለስላሳ ክንዷም ምንም አልፈየደም። ደስታው ከእግሯ ተነስቶ ራሷ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ጉሮሮዋ ላይ ተቀመጠ፣ እንዲህም አላት፦ ይህቺማ በደረቁ አትታለፍም።

"መርፌ ቁልፍ ላምጣ" አለች። "ጀርባውን ልያዘው።"

"እትዬ፣ መርፌ ቁልፍ እኮ ሳጥኑ ሙሉ—" አለች እህቷ፤ ቆራጯ ግን ወጥታለች።

ሠላሳ እርምጃ። ዶቃው ፊቷ ላይ ተንሿሿ። ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለምለም ያለ ነው፣ ወለሉ ገና ታጥቧል፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ባለቤቱ ብርጭቆ ይወለውላል።

"እመቤት! ጠፋሽብን እኮ። ሞተች ብለን ነበር።"

"ሞቼ ነበር።"

"ታዲያ እንኳን ተነሳሽ። የለመድሽውን?"

ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ጠርሙሱን አወረደ። ቆራጯ ብርጭቆውን እያየች ምን ብላ እንደመጣች አሰበች። ሰኞ ከፍቷት ነበር። ተበልጫለሁ ብላ ጠማት። ዛሬ በልጫለሁ ብላ ጠማት። ሹፌሩን አስታወሰችው፣ ዝናብና ብራውን። ሰበቡ ተገለበጠ እንጂ መንገዱ ያው ነው፣ ዶቃው ያው ነው፣ ብርጭቆውም የትናንቱ ብርጭቆ ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ሰበብ ይመጣል። ያቺ ሴት ነገ ብትሞትም ይጠማታል፣ ብታምርም ይጠማታል።

ባለቤቱ ጠርሙሱን አዘነበለ።

"መርፌ ቁልፍ አለህ?" አለች።

"ምን?"

"መርፌ ቁልፍ።"

ሰውየው ጠርሙሱን ቀና አደረገና አያት። "እዚህ? ያለችው ሱሪዬን የያዝኩባት ናት።"

"እሷን ያዛት" አለች ቆራጯ፤ ወጣችም። መንገዱን ስታቋርጥ አንድ ብስክሌተኛ ሊገጫት ሲል ሰደባት። መልሳ ሰደበችው፤ ትንሽ ቀለላት።

እህቷ በሩ ላይ ነበረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ሳሚኝ" አለች ቆራጯ።

እህቷ ሳመቻት። ግራ። ቀኝ። ቆየች። "ምንም" አለች። "መርፌ ቁልፉስ?"

"ተይው።"

አስተማሪዋ መስታወቱ ፊት እንደነበረች ናት፣ ቀሚሱን ይዛ። ቆራጯ ወንበር ሳበችላት። አልተቀመጠችም፤ በዚያ ቀሚስ መቀመጥ አይቻልም።

"አልወፈርሽም" አለች ቆራጯ። "እኔ ነኝ ያጠበብኩት። አውቄ።"

እህቷ መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። 

"ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ" አለች እህቷ። "እኔ መቀስ ሰጠሁ።"

"ስንት ነው ያጠበብሽው?" አለች አስተማሪዋ።

"ሦስት ጣት።"

አስተማሪዋ ዝቅ ብላ ሆዷን አየች። እንደ አዲስ አየችው፤ ሦስት ጣት ከላዩ እንደተነሳለት። ከዚያ ተቆጣች፤ አሁን ገና። ፊቷ ቀላ።

"ሦስት ቀን ምሳ አልበላሁም እኮ። ይገባኝ ይሆን እያልኩ።"

"ሰኞ ላይ ይገባሻል ብዬ ቆርጬ ቢሆን ኖሮ ይገባሽ ነበር።"

"አንቺ ሴት ታፍሪያለሽ?"

"አሁን አፍራለሁ። ሰኞ አላፈርኩም።"

አስተማሪዋ የቀሚሱን ጨርቅ በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው። 

"ጨርቁን እሱ አልመረጠውም" አለች። "እኔ ነኝ የገዛሁት። እሱ አረንጓዴና ሰማያዊ አይለይም።"

"ቀለም ቀቢ ሆኖ?"

"ባልዲው ላይ ተጽፎለት ነው።"

ቆራጯ ይህን በአሥራ አንድ ዓመት አላወቀችም ነበር። እንደገና ቅር አላት፤ ይህችኛዋ በአንድ ዓመት ደረሰችበት።

"ታዲያ እሱ መረጠው ለምን አልሽኝ?"

"እንዲያንገበግብሽ።"

"አንገበገበኝ።"

"ስንት ጣት?" አለች አስተማሪዋ፤ ከአፏ ያመለጣት ሳቅ ራሷንም አስደነገጣት።

እህቷ መሀላቸው ገባች። "ልትተቃቀፉ ከሆነ ውጭ ወጥታችሁ ተቃቀፉ፤ እዚህ ሥራ አለ።" ከዚያ ወደ ቆራጯ ዞረች። "ከጠረጴዛው ትወርጃለሽ ያልኩሽ ለመጠጡ ነበር። ለዚህኛው ምን እንደምልሽ ገና አላወቅኩም። አስቤ እነግርሻለሁ።"

"እሺ።"

"'እሺ' አትበይኝ። ስትከራከሪ ነው የማምንሽ።"

ቆራጯ ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጎን ዳሰሰች። ለስፌት የገባው ጨርቅ የክር ያህል ነው፤ የሚለቀቅ ምንም የለም። ግራና ቀኝ ከብብት እስከ ዳሌ ሁለት ቁራጭ መግባት አለበት፣ ከዚሁ ከራሱ ጨርቅ። የተረፈው ብጥስጣሽ ነው፣ አይበቃም።

"ከየት ነው የገዛሽው?"

"እዚህ ከመጠጥ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ጥጉ ላይ ካለው ጨርቅ ቤት።"

"እኔ ሄጄ ላምጣ" አለች እህቷ ቶሎ ብላ።

"አንቺ ስፌቱን ፍቺ።"

አስተማሪዋ መጋረጃው ጀርባ ገብታ እየቀየረች ነው። "እንዴት ተውሽው?" አለች ከዚያው ሆና። "ንገሪኝና ልንገረው።"

"ለሱ እንዳትነግሪው። በኔ ስም ሰበብ በዝቶለታል።"

"ለኔስ?"

ቆራጯ ከጨርቁ ብጥስጣሽ አንዱን እያስተካከለች ቆረጠች። "እንጃ" አለች። "ቅድም መርፌ ቁልፍ ፍለጋ መጠጥ ቤት ገብቼ ነበር።"

መጋረጃው ገለጥ አለ። "አገኘሽ?"

"ሱሪው ላይ ነበረች።"

አስተማሪዋ በራሷ ልብስ ወጣች። ፀጉሯን በጣቷ መለሰች። እንዲህ በቀላሉ የምታምር ሴት ታናድዳለች። በሩን ስትከፍት ቆራጯ ከኋላዋ መጣች።

"ብቻዬን አልሄድም" አለቻት። "በዚያ በኩል አንቺ ሁኚ።"

አስተማሪዋን በመጠጥ ቤቱ በኩል አደረገቻት፣ አረንጓዴዋን ቁራጭ ለናሙና በመዳፏ ጨበጠች፣ ጨርቅ ፍለጋ ሄዱ።